ለቴሲስ ምንጭ ስትፈልጉ እነዚህን አታድርጉ

ከሁሉም የሚብሰው ከድሮ ተመራቂ ቴሲስ ላይ ቁጥሩን ከነሪፈረንሱ ገልብጦ ዋናውን ሰነድ ያነበቡ መምሰል ነው። የሕዝብ ቁጥርን እንውሰድ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም ነው፣ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን፣ ከዛ ወዲህ የምታዩት ቁጥር በሙሉ ግምት ነው፣ ወይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ትንበያ ወይ የተመድ ስሌት፣ ሁለቱ ደሞ አይገጥሙም። ስለዚህ "በ2010 ቆጠራ መሠረት" የሚል ቴሲስ ካጋጠማችሁ ሌላውንም ቁጥሩን ተጠራጠሩት፣ 2010 ላይ ሊቆጠር ታስቦ ተራዘመ እንጂ የተቆጠረ ነገር የለም።

እዚሁ ላይ የካላንደር ጣጣ አለ። 1999ን እንዳለ እንግሊዝኛ ፅሁፍ ውስጥ ከከተታችሁት አንባቢው የፈረንጅ ነው የሚመስለው፣ መሆን ያለበት 2007 ነው፣ በአንዴ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማለት ነው። የበጀት ዓመት ዳታማ የባሰ ነው፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሚሄድ ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይነካል፣ የ2015 በጀት ዓመት ስትሉ 2022/23 ብላችሁ ፃፉት።

ሌላው "ኢንተርናሽናል ጆርናል" የሚል ስም አይቶ ማመን ነው። ብር ከከፈልክ በሳምንት ውስጥ የሚያወጡልህ አሉ፣ ደህና ጆርናል ላይ ግምገማው ብቻ ወራት ይፈጃል። ኤዲተሮቹ እነማን ናቸው፣ የት ነው የሚሰሩት፣ ስማቸውን ጎግል አድርጉት።

ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ሳትከፍቱ አትለጥፉ በናታችሁ። ደራሲው አለ ጆርናሉም አለ፣ አርቲክሉ ግን የለም፣ እንዲህ አይነት ይፈጥራል። በ2023 (በፈረንጅ) ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ከሱ ወስደው አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፣ ጠበቃ ናቸው እንግዲህ!

ሳይቴሽኑ (የጠቀሱት ሰዎች ቁጥር) ስለበዛ ጥሩ ነው ማለትም አይሰራም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የእንግሊዛዊው ሐኪም ዌክፊልድ ፅሁፍ በ1998 (በፈረንጅ) ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ፣ ላንሴት እስኪሰርዘው 12 ዓመት ፈጀ፣ የሚጠቅሱት ሰዎች ቁጥር ግን ብዙ ነው፣ አብዛኛው ስህተቱን ለማሳየት ብሎ። አርቲክሉን ከፒዲኤፍ ብቻ ሳይሆን ከጆርናሉ ገፅ ላይ ክፈቱት፣ የተሰረዘ ከሆነ "ሪትራክትድ" የሚል እዛ ተፅፎ ታገኙታላችሁ፣ ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ፒዲኤፍ ላይ ግን ላይኖር ይችላል።