ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ እምቢ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ጎንደር ውስጥ ኤዲቲንግ የምትሠሩ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ጥር 11 ባለፈ ማግስት ሰው ሁሉ ከአፄ ፋሲል መዋኛ የቀረጸውን በቴሌግራም ይልካል። ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። ስልክ ላይ አሪፍ ሆኖ ይጫወታል። ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባሉት ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ውስጥ ስታስገቡት ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ወይ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታጠፉት! አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው።

መጀመሪያ ውስጡን እዩ። ኤምፒፎር ወይም ኤምኬቪ የሚለው ስም መሶቡ ነው፤ መሶቡን ከውጭ አይቶ ውስጡ እንጀራ ይሁን ዳቦ ማወቅ አይቻልም። ምግቡ ኮዴኩ ነው፣ ማለትም ቪዲዮው የተጨመቀበት መንገድ። ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ፋይሉን ጎትታችሁ ጣሉበት። ኮዴኩ ምንድን ነው? ፍሬም ሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚያዘው ምስል (ፍሬም) ብዛት፣ ቋሚ ነው ተለዋዋጭ? እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ጭራሽ አልገባም ካለ፣ ኤምኬቪ መሆኑን አጣሩ። ብዙ የፕሪሚየር ቨርዥኖች አይቀበሉትም። ውስጡ ኤች 264 የሚባለው ኮዴክ ከሆነ ኮንቨርት ማድረግ አያስፈልግም፣ ሻተር ኢንኮደር የሚባለው ፕሮግራም ላይ ሪራፕ (መሶቡን ብቻ መቀየር) የሚለውን መርጣችሁ ወደ ኤምፒፎር ብታዛውሩት በሰከንዶች ያልቃል፣ ጥራቱም አይነካም። ዌብኤም ከሆነ ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ ቪፒ 9 የሚባለው ኮዴክ ስለሆነ መሶቡን መቀየር ብቻ አይበቃም፣ ኮንቨርት አድርጉት። ኔት ተቆራርጦ ዳውንሎዱ ሳያልቅ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። የፋይሉን መጠን ከላኪው ጋር አስተያዩ፤ ካነሰ እንደገና አውርዱት።

ድምፁ መጥቶ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ኤች 265 ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አይፎን ከ2017 ወዲህ በዚህ ኮዴክ ይቀርጻል። ቦታ ይቆጥባል፣ ለኮምፒውተር ግን ከባድ ነው። ወደ ኤች 264 ኮንቨርት አድርጉት። ቀራጩ ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ የካሜራ ሴቲንጉ ላይ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን እንዲመርጥ ንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ እኔን በጣም ያስለፋኝ እሱ ነው። የከበሮው ድምፅ መዘግየት። መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፣ አምስት ደቂቃ ሲሄድ ግን የመቺው እጅ ከበሮው ላይ ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማው። ንግግር ላይ ቢሆን ብዙ ሰው ላያስተውል ይችላል። ከበሮና ጭብጨባ ላይ ግን መደበቂያ የለውም። አንድ ሰርግ ላይ ድምፁን እየቆራረጥኩ ለማስገጠም ሁለት ቀን ፈጅቻለሁ፤ እዚህ ሳስተካክል እዚያ ይፈታል። ምክንያቱ ስልኩ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲግል በሰከንድ የሚይዘውን ፍሬም ያበዛል፣ ይቀንሳል። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ግን እኩል ፍሬም ነው የሚጠብቀው። መፍትሄው ሃንድብሬክ የሚባለው ኮንቨርት ማድረጊያ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮ የሚለው ገጽ ላይ ኮንስታንት ፍሬምሬት ምረጡ፣ ጥራቱን 18 አካባቢ አድርጉ፣ ከዚያ ጀምሩ። ስልኩ የቀረጸው በ30 ከሆነ በ30 ተዉት። ታይምላይናችሁ (ቪዲዮውን የምትደረድሩበት መስመር) 25 ስለሆነ ብላችሁ እዚያው ወደ 25 ካወረዳችሁት ፍሬም ይጣላል፣ እስክስታው ላይ ትከሻው እየዘለለ ይታያል።

ሁሉም ገብቶ ታይምላይኑ ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነስ? የተጨመቀ ቪዲዮ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። እናንተ መሃል ላይ ስትቆርጡ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ሙሉ ምስል ፈልጎ እስከዚያ ድረስ ማስላት አለበት። ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር የሚባሉት ለኤዲቲንግ የተሠሩ ኮዴኮች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ግን ፕሮሬስ 422 በ1080 ጥራት በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ለአንድ ደቂቃ 900 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ሃርድ ዲስካችሁ ትንሽ ከሆነ ፕሮክሲ፣ ማለትም ቀለል ያለ ትንሽ ኮፒ፣ ሥሩ። በትንሹ ኮፒ ትቆርጣላችሁ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ከዋናው ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ኮንቨርት አይመልሰውም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፤ የጠፋው ጥራት ጠፋ ነው። ላኪውን "ወንድሜ፣ እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት። እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል። በፍላሽ የሚያመጣላችሁ ከሆነና ከ4 ጊጋ በላይ የሆነው አልገለበጥ ካለ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ስለሆነ ነው። ውስጡ ያለውን ካስቀመጣችሁ በኋላ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

ብዙ ፋይል ኮንቨርት ስታደርጉ ደግሞ አንድ ላይ አጣብቃችሁ አንድ ረጅም ፋይል አታድርጉት። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ያላለቀው ኤምፒፎር አይከፈትም። ለየብቻ ከሆኑ የምትደግሙት አንዱን ብቻ ነው።