እየጻፉ ሙዚቃ መስማት፦ የትኛው ድምፅ ለየትኛው ሥራ?

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የምተዳደረው የሬዲዮ ድራማ በመጻፍና የሌሎችን ረቂቅ በማረም ነው። ጠዋት ቁራሌው ይጮኻል፣ ከሰዓት ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይራገጣሉ፣ አንዱ ጎረቤት ግድግዳ ያስቦረቡራል፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሱቁ ጄነሬተር ይነሣል። ጸጥታ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ሰፈር ሥራ አይወጣለትም። ስለዚህ እየጻፉ ሙዚቃ ስለ መስማት አጥብቄ አስቤበታለሁ። መጻፍ የጀመሩ ልጆችም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለዩ። በደፈናው "መጻፍ" የምንለው ነገር ውስጥ ሐሳብ መሰብሰብ አለ፣ ዓረፍተ ነገር መሥራት አለ፣ ማረም አለ። ለአንዱ የሚረዳው ድምፅ ሌላውን ያበላሻል። "ሙዚቃ ይረዳኛል" እና "ሙዚቃ ይረብሸኛል" እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለተለያየ ሥራ ነው።

ሐሳብ ስትሰበስቡ ሞቅ ያለ ድምፅ ቢኖር አትፍሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን በ50፣ በ70 እና በ85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ጫጫታ ውስጥ እያስቀመጠ አዲስ ሐሳብ እንዲያመነጩ አድርጎ ነበር። ከ50ው ይልቅ በ70ው የተሻለ ሠሩ፤ 85 ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። 70 ዴሲቤል ማለት ሰው የሞላበት፣ ግን ሳይጯጯኹ መነጋገር የሚቻልበት ካፌ ማለት ነው። እኔም የአንድ ክፍል ታሪክ ስነድፍ ማኪያቶ አዝዤ ካፌ እቀመጣለሁ። ላፕቶፕ አልይዝም፤ ደብተር ይበቃል። ማን ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው፣ ትዕይንቱ የት ላይ ይቆማል፣ እሱን ብቻ እጽፋለሁ።

መቀመጫ ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። በስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ አትቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የአንድ ወገን ብቻ የስልክ ንግግር ሙሉውን ምልልስ ከመስማት የበለጠ ትኩረት ይሰርቃል። የማንሰማውን ግማሽ አእምሯችን ሊገምት ይለፋል። አምስት ሰው የሚያወራበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ መሥራት ይቻላል፤ "እሺ… አይ… እሱማ አልነገረኝም…" የሚል አንድ ሰው ግን ሐሳባችሁን ይዞት ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዓረፍተ ነገር እንምጣ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ቃል እየሠራችሁ ቃል አትስሙ። ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ድርሰት በሚጽፉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ከጀርባ ሙዚቃ ሲኖር በደቂቃ የሚጽፉት ቃል እንደሚቀንስ አሳይቷል። "እኔ የምሰማው የፈረንጅ ዘፈን ነው፣ ቃሉ አይገባኝም" የሚል ሰውም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር አለ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በማያውቁት ጀርመንኛ ንግግር ሥር ሆነው ፊደላትን በቃል እንዲይዙ ሲደረግ የማስታወስ አቅማቸው ቀንሷል። የሰው ድምፅ ትርጉሙ ባይገባንም የቃል ጓዳችንን ያጨናንቃል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የአማርኛ ዘፈን ከሁሉም ይከብዳል። ዘፈናችን ግጥም ነው። አዝማሪው ስንኝ ሲያወርድ ኅብረ ቃሉን ሳንፈልግ ማለፍ አንችልም፤ ሰሙን ሰምተን ወርቁን እስክናገኝ ጆሯችን አይለቅም። በምልልስ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ደግሞ የሌሎችን ረቂቅ ሳርም በግልጽ አየዋለሁ። ኩሽና ውስጥ ስለ ዘይት ዋጋ የምታወራ እናት ድንገት ቤት በሚመታ አማርኛ መናገር ትጀምራለች። "ይሄን ስትጽፍ ምን እየሰማህ ነበር?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዘፈን ነው።

ታዲያ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ እንስማ? አዎ፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በዋሽንት፣ በክራር ወይም በአኮርዲዮን የሚጫወቱልን ብዙዎቹ ዜማዎች ግጥማቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ዘፋኙ ባይኖርም እኛው በሆዳችን እንዘፍነዋለን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዜማው ሲጀምር ከንፈራችሁ ከተንቀሳቀሰ ወይም የመጀመሪያው ስንኝ ከመጣላችሁ፣ ለእናንተ ያ ሙዚቃ ቃል አለው። ለእረፍት አስቀምጡት።

እኔ የምመርጠው አቀናባሪው ራሱ ለመሣሪያ ብሎ የደረሰውን ነው። የሙላቱ አስታጥቄ የራሱ ድርሰቶች ለዚህ ይሆኑኛል፤ ቤዙ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ቫይብራፎኑ (በዱላ እየተመታ የሚጮኸው የብረት መሣሪያ) ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጆሮ ከለመደው በኋላ አይጠራችሁም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ደግሞ ለትዝታ ትዕይንት አቆየዋለሁ። ምቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ይቀጥላል። በፍጥነት መጻፍ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ አንዲት አሮጊት ደብዳቤ የምታነብበትን ገጽ ቀስ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ግን ልክ ነው። "ኢትዮፒክስ" ከሚባሉት ተከታታይ አልበሞች 4ኛው የሙላቱ፣ 21ኛው የእማሆይ ስለሆነ በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስናገረው ጌታቸው መኩሪያ ግን ከመጻፌ በፊት የምሰማው ነው። ሳክስፎኑ ይናገራል፤ እየጻፍኩ ከሰማሁት እሱን አዳምጣለሁ እንጂ አልጽፍም። በገናን በጭራሽ ከጀርባ አላደርገውም። የጾምና የጸሎት ድምፅ ነው፣ ተቀምጠው ይሰሙታል።

ለአንድ ሥራ አንድ አልበም መድቡና ሥራው እስኪያልቅ እሱኑ ደጋግሙ። አዲስ ሙዚቃ ጆሮን ይጠራል፤ የተለመደው ግን ለቀቅ ያደርገናል። ሙዚቃውን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙት። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ በመሃል ማስታወቂያ ይገባል፣ ማስታወቂያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ንግግር ነው። ዝርዝሩን እየቀያየራችሁ የምታጠፉት ጊዜም ቀላል አይደለም።

ከሙዚቃ ሁሉ የምመርጠው ድምፅ ግን ዝናብ ነው። የቆርቆሮ ቤት ዝናብ። ዝናብ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለያዘ የጎረቤትን ንግግር ይሸፍነዋል፤ ሰው እያወራ መሆኑን ትሰማላችሁ፣ ምን እንዳለ ግን አትለዩም። ኢንተርኔት ላይ ዋይት ኖይዝ፣ ብራውን ኖይዝ የሚሉት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዋይት ኖይዝ ሹል ነው፣ ጆሮ ይወጋል፤ ብራውን ኖይዝ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚቀንስ ለስለስ ይላል። እነሱን በነፃ ማግኘት ይቻላል፣ የራሳችሁን ዝናብ መቅዳት ግን ይበልጣል።

እኔ የምቀዳው ሐምሌ ላይ እናቴ ቤት ስሄድ ነው። ኮርኒስ ያለው ክፍል ምረጡ። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ያለ ጠጠር ይሆንና ያደክማል፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ደግሞ ሹሉ ይቀርና ጥልቁ ብቻ ይወርዳል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁት ንዝረቱም ይገባል። ከመስኮት አርቁት። ከአሸንዳ የሚወርድ ውኃ ጠብ፣ ጠብ የሚል ምት ስለሚፈጥር ጆሮ መቁጠር ይጀምራል። በረዶና ነጎድጓድ ያለበትን ዝናብ ተዉት፤ ረጋ ብሎ የሚዘንበውን፣ ብዙ ጊዜ ዶፉ ካለፈ በኋላ ያለውን ጠብቁ። የመቅጃው ምልክት ቀይ ከነካ ስልኩን ወደ ወለል አውርዱት። ከክፍሉ ውጡና በሩን ዝጉ። በኋላ የእግራችሁ ኮቴ ያለበትን መጀመሪያና መጨረሻ ቆርጣችሁ፣ በኤምፒ3 128 ኪሎቢት ብታስቀምጡት አንድ ሰዓቱ 60 ሜጋባይት አይሞላም። እናቴ ቤት የተቀዳው ላይ አልፎ አልፎ ዶሮ ይሰማል፤ እሱን አልቆረጥኩትም፣ ይወደዳል።

ድምፁን ምን ያህል ላድርገው ለሚል፦ ክንድ በሚያህል ርቀት ያለ ሰው በተለመደ ድምፁ ስማችሁን ሲጠራ መስማት አለባችሁ። ካልሰማችሁ ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ያ ሰዓት በቶሎ ይሞላል። ጫጫታ የሚያጠፋ ዘመናዊ ማዳመጫ ያላችሁም ጠባዩን እወቁ። እንደ ጄነሬተር ያለውን ወጥ እምምታ በደንብ ያጠፋል፣ የሰውን ንግግር ግን ያን ያህል አይችለውም። ማዳመጫው ላይ ዝናቡን ዝቅ አድርጋችሁ ስትጨምሩበት እምምታውም ንግግሩም ይሄዳሉ።

ለምልልስ ግን ዝናቡንም አጠፋዋለሁ። የሬዲዮ ድራማ የሚኖረው በጆሮ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ እኔ አስቀድሜ ካልሰማኋቸው አድማጭ አይሰማቸውም። ለዚህ የምነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ይመጣል፣ ግዕዙ ለእኔ የለመድኩት ዜማ ነውና አይረብሸኝም። የአዛኑም እንደዚያው ነው።

እርማት ላይ ምንም ነገር አትክፈቱ። በሩን ዝጉና ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ስልክ ላይም ቅዱት፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ መልሳችሁ ስሙት። የተሰናከላችሁበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ ትንፋሽ ያጠራችሁ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ባለቤቱና ግሱ የተራራቁበት ነው፤ እዚያ መሃል ላይ አራት ነጥብ አስገቡና እንደገና አንብቡት።