ባቲ ገበያ ለምትወጡ፦ ሜርስ ግመሉን ሲይዝ ፍየሉን ለምን ይተወዋል?

ሰኞ ባቲ ለምትወጡ ሁሉ ነው የምጽፈው። ግመሉም ፍየሉም በጉም እዚያው አንድ አቧራ ውስጥ ይውላሉ፤ ሜርስ የሚባለው የኮሮና ዓይነት የሚመቸው ግን ግመሉ ነው። ምክንያቱ ከገባችሁ የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሜርስ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ነው። በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ከሲሶ በላይ ሞተዋል። ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ግመሎች ደም ውስጥም የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል።

ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ዲፒፒ4 የሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው፤ ቁልፍና ጓጉንቸር በሉት። አይጥም ይህ ፕሮቲን አላት፣ ግን ቫይረሱ በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ትለያለች፣ ፕሮቲኑ ላይ የስኳር ሞለኪውልም ተለጥፎ መንገዱን ይዘጋዋል። ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው ቅንጣቶች (አሚኖ አሲዶች) 2ቱን ብቻ እንደ ሰው አድርገው ሲቀይሩላት ተያዘች! በግ የበለጠ ይገርማል። ጓጉንቸሩ ለቫይረሱ ይገጥማል፣ አፍንጫው ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም በግ፣ ፍየልና ፈረስ አፍንጫቸው ውስጥ ቫይረሱ ሆን ተብሎ ሲጨመርባቸው እንኳ ብዙም ያልተራባባቸው። የግመል አፍንጫ በአንጻሩ ሞልቶታል፣ ስለዚህ ንፍጥ ብቻ ይዞት እየበላና እየሄደ ቫይረሱን ይረጫል፤ ሰው ላይ ደግሞ ጓጉንቸሩ በብዛት ያለው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ስለሆነ በሽታው ይከብዳል።

እንግዲህ ጥንቃቄው አፍንጫው ላይ ነው። ግመል ስትገዙ ከንፈሩን ገልጣችሁ ጥርሱን ታያላችሁ አይደል? ያኔ ንፍጡ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በሽርጥ ጠርጋችሁ ወደ ጫቱ አትመለሱ፤ በሳሙና ታጠቡ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ግልገል ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ ቫይረሱን በብዛት የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ወተቱን አፍሉት። የቀረበ ወተት እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን «ቤት ወስጄ አፍልቼ እጠጣዋለሁ» ማለት ነውር የለውም። ስኳር፣ ኩላሊት ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግመሉን ባይነካው ይሻላል፣ ዘመድ ይግዛለት።

ስለ ፍየሉ በሜርስ በኩል አብሽሩ። ለሌላ ቫይረስ ግን ይህን ስሌት አትውሰዱ፦ የመጀመሪያው ኮቪድ አይጥን አይዝም ነበር፣ በኋላ የመጡት ዝርያዎች ግን አንዲት ለውጥ ይዘው ያዟት።

ከገበያ በተመለሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሐኪሙም እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ ግመል መንካታችሁን ንገሩት።