ረጅም ሰው ሞተር ላይ፦ መጀመሪያ ጉልበት፣ ንፋሱ በመጨረሻ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው። አብዛኛው ሞተር ሳይክል ደግሞ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ረጃጅም ጓደኞቼ አዲስ ሞተር በገዙ ቁጥር ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የትኛውን የንፋስ መከላከያ (ከመሪው ፊት የሚገጠመውን ፕላስቲክ) ልግዛ?» የእኔም መልስ አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ገና ነው።»

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ንፋሱ የት እንደሚመታችሁ የሚወስነው ጭንቅላታችሁ ያለበት ቦታ ነው። መቀመጫውን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረጋችሁት ጭንቅላታችሁም 3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። መሪውን ወደ ራሳችሁ ካቀረባችሁት ጀርባችሁ ቀና ይላል፤ ጭንቅላታችሁ ወደ ላይም ወደ ኋላም ይሄዳል። ዛሬ በልካችሁ የገዛችሁት መከላከያ ያኔ ልካችሁ አይሆንም። ስለዚህ ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። ጉልበት፣ መቀመጫ፣ እጅ፣ ከዚያ ንፋስ።

ጉልበት

ሞተሩን አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። የምትነዱበትን ልብስና ጫማ ለብሳችሁ፣ እንደምትነዱት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ከጎን ፎቶ ያንሳችሁ። ፎቶው ላይ ጉልበታችሁን እዩት። ከ90 ዲግሪ በታች ከታጠፈ፣ ረጅም መንገድ ላይ ማመሙ አይቀርም።

ሻጭ የሚነግራችሁ የመቀመጫው ከፍታ ከመሬት ነው። ያ ቁጥር የሚጠቅመው እግሩ መሬት መድረሱን ለሚጠራጠር ሰው ነው። እኛን የሚመለከተን ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለው ርቀት ነው። መቀመጫው 87 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞተር መርገጫውም አብሮ ከፍ ካለ ጉልበት ያጥፋል። ሜትር ያዙና ከመቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ እስከ መርገጫው አናት ለኩ። ቁጥሩን ጻፉት። የተመቻችሁ ሌላ ሞተር ካለም ያንንም ለኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጎድላችሁ በግምት ሳይሆን በልክ ታውቃላችሁ።

ርቀቱን ለመጨመር ወይ መቀመጫውን ማንሳት፣ ወይ መርገጫውን ማውረድ ነው። እኔ ከመቀመጫው ነው የምጀምረው። መርገጫ ሲወርድ ሞተሩ መታጠፊያ ላይ ሲያጋድል ቶሎ አስፋልት ይነካል። የማርሹና የኋላ ፍሬኑ መርገጫዎችም አብረው ካልወረዱ በየማርሹ እግር ማንሳት ይመጣል። የፍሬኑን ስታወርዱ ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ስትረግጡት የኋላ መብራቱ በጊዜ መብራቱን፣ ሳትረግጡት ደግሞ ፍሬኑ ጎማውን ይዞ አለመቅረቱን።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ነፃ የሆነውን ፈልጉ። ብዙ መርገጫ ላይ የሚወልቅ ጎማ አለ። እሱ ብቻ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ንዝረቱ ግን ይጨምራል። አንዳንድ መቀመጫ ደግሞ በሁለት ከፍታ የሚገጠም ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ዓመታት ዝቅ አድርጎ የነዳበትን ሞተር አይቻለሁ። መመሪያውን ገልጣችሁ እዩ።

መቀመጫ

ከፍታው ከቅርጹ አይነጠልም። መሃሉ የጎደጎደ መቀመጫ አጭር ሰውን ያቅፋል፣ ረጅም ሰውን ግን አንድ ቦታ ላይ ይቸነክራል። ወደ ኋላ ልሂድ ስትሉ ለተሳፋሪው የተሠራው ደረጃ ወገባችሁን ይገፋዋል። ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ነዳጅ ታንኩ ትንሸራተታላችሁ።

ወንበር ለሚያለብስ ባለሙያ ስትሰጡት «ለስላሳ አድርግልኝ» አትበሉ። ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ግን አይጠቅምም። ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ይጣፍጣል፤ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ላይ ያስቀምጣችኋል። ጉድጓዱን በጠንካራ ስፖንጅ ሙላልኝ፣ ጠፍጣፋ አድርገው፣ ከኋላ ሰፋ ከፊት ጠበብ ይበል፣ ደረጃውንም ወደ ኋላ ግፋው በሉት። በአንድ ሥራ ከፍታም ቦታም ታገኛላችሁ።

የኋላውን አሞርዛተር አትርሱ። ረጅም ሰው ብዙ ጊዜ ክብደትም አለው። ሞላው ከላላ የሞተሩ ኋላ ይቀመጣል፣ ፊቱ ወደ ላይ ያያል። ይህ ለንፋሱም ትርጉም አለው፣ መከላከያው ወደ ኋላ ይጋደማልና። መለኪያው ይኸው፦ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስካለ አንድ ቋሚ ነጥብ ለኩ። ከዚያ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ስትቀመጡበት ያው ርቀት እንደገና ይለካ። ልዩነቱ የኋላው ሞላ ከሚሄድበት ጠቅላላ ርቀት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ሞላውን አጥብቁ። ሲጨርሱ የፊት መብራቱንም ማስተካከል ነው፣ ምክንያቱም የሚያበራበት ቦታ ይቀየራል።

እጅ

ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ትከሻችሁን አላልታችሁ መሪ የያዛችሁ ይመስል እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፍ። አሁን ዓይናችሁን ግለጡ። እጃችሁ ያረፈበት ቦታ መሪው ሊኖርበት የሚገባ ቦታ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የመሪውን ማሰሪያ አላልቶ ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ማንሻም ጣቶቻችሁ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ እንዲሉ አድርጋችሁ አዙሩት። ይህ ሁሉ ነፃ ነው።

ካልበቃ ከመሪው ሥር ገብቶ መሪውን ከፍ የሚያደርግ ማንሻ አለ። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ረጅም ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ገመዶቹና የፍሬን ቱቦው ያጥራሉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሞተሩን አስነሱና በቆመበት መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩት። የኢንጅኑ ድምፅ ከጨመረ የጋዙ ገመድ እየተወጠረ ነው። የፍሬኑ ቱቦ ከተወጠረም ያው ነው። ረዘም ያለ ሳይገጠም ሞተሩ መንገድ አይወጣም። ቡሎኖቹን ደግሞ መመሪያው በሚለው ጥብቀት፣ በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን መጠን በሚለካ ቁልፍ) እሰሩ።

መሪውን ከልክ በላይ ማንሳትም ጥሩ አይደለም። እንደ ወንበር ቀጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ክብደቱ ሁሉ ጭራ አጥንታችሁ ላይ ያርፋል፣ ደረታችሁም ንፋሱን በሙሉ ይቀበላል። የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገፋችሁ ኃይል በ60 ከነበረው አራት እጥፍ ነው። ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ይሻላል፤ ንፋሱ ራሱ ደረታችሁን ይደግፋል፣ እጃችሁም ያርፋል።

አሁን ንፋሱ

ንፋስ ጠላት አይደለም። ጠላት የተበጠበጠ ንፋስ ነው። ንጹሕ ንፋስ ይገፋል እንጂ አያንቀጠቅጥም። ከመከላከያው ጀርባ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ጠርዙን አልፎ የመጣው አየር ወደዚያ ይሳባል፣ ይጠመዘዛልም፤ የወንዝ ውኃ ከድንጋይ ጀርባ እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ራሱ ከዚህ ሽክርክሪት በታች ነው። የእኛ ሄልሜት ግን መሃሉ ላይ ገብቶ ይደበደባል። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው መከላከያ ለረጅም ሰው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መጥፎ ቁመት ነው። ንፋሱን በራሳችን ላይ አያሳልፈውም፣ ንጹሑንም አይተውልንም።

የጣሊያኑ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ሞቶ ጉዚ የራሱን የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ የሠራው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ ዋሻ የላችሁም፤ ግን የራሳችሁ ጭንቅላት አላችሁ፣ ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ መለኪያ የለም። ንፋስ የሌለበት ቀን፣ ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ምረጡ። ፍጥነታችሁ በሰዓት 90 አካባቢ፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ።

መርገጫው ላይ ትንሽ ከፍ በሉ። ድምፁ ወጥ ከሆነና መንቀጥቀጡ ከቆመ ጥፋተኛው መከላከያው ነው፣ ሄልሜታችሁ አይደለም። አሁን ቁጭ በሉና መንገዱን ማየት ሳታቆሙ ቀስ እያላችሁ ዝቅ በሉ። ጸጥ የሚለው ስንት ሴንቲ ሜትር ስትወርዱ ነው? አምስት ከሆነ ትንሽ ጭማሪ ይበቃል። ሃያ ከሆነ ረጅም መከላከያ ፍለጋውን ተዉት፣ በሌላ አቅጣጫ መሄድ ነው። ቀጥሎ ጉልበታችሁን ከታንኩ ጋር አጥብቁ። በዚህ ጊዜ ራስ አካባቢ ያለው ንፋስ ከቀነሰ፣ የሚመታችሁ አየር ከታች፣ በፊት አሞርዛተሮቹና በታንኩ መካከል አልፎ የሚወጣው ነው። እሱን ከላይ መከላከያ በመቀየር አታስቆሙትም፤ ከታች ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ትንንሽ የንፋስ ማዞሪያዎች ናቸው የሚፈቱት።

የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ መከላከያውን ፈታችሁ አውጡትና ያለሱ ንዱ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ቡሎን ነው። ንፋሱ ደረታችሁን ይገፋል፣ ጭንቅላታችሁ ግን ጸጥ ካለ መልሱን አገኛችሁት። እኔ ራሴ የምነዳው በአጭር መከላከያ ነው። ደረቴን እስከ አንገቴ ይሸፍናል፣ ሄልሜቴ ንጹሕ ንፋስ ውስጥ ነው። ረጅም ሰው አጭር መከላከያ መግጠሙ ሰውን ያስቃል። ይሳቁ።

ረጅሙን የምትመርጡ ከሆነ አንድ ሕግ አለ፦ በላዩ እዩ እንጂ በውስጡ አትዩ። ማታ በዝናብ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ጠብታዎቹ ላይ ሲያርፍ በፕላስቲክ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። አየሩ ጠርዙን ካለፈ በኋላም ትንሽ ሽቅብ ስለሚሄድ የመከላከያው አናት እስከ ዓይን መድረስ የለበትም፤ በአፍና በአፍንጫ መካከል ይበቃል። ሙሉውን ከመቀየር በፊት ጠርዙ ላይ የሚታሰር፣ ቁመቱና ዘንበል ማለቱ የሚስተካከል ትንሽ ተጨማሪ ክንፍ ሞክሩ። ከዋናው ጋር አታጣብቁት። በመካከላቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። በዚያ የሚገባው አየር ከጀርባ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ይሞላዋል፣ ሽክርክሪቱም ይቀንሳል። በተመሳሳይ ምክንያት ከመከላከያው ሥር የጎማ ቀለበትና ረዘም ያለ ቡሎን ገብቶ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአካሉ ማራቅ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ቡሎኑን ግን በኃይል አታጥብቁ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በቤንዚንም አትጥረጉት።

መንቀጥቀጡ ቢጠፋም ድምፁ ይቀራል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ 95 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በሥራ ቦታ ጥንቃቄ ለ8 ሰዓት የሚመከረው ከፍተኛው 85 ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ በየኪሴ አለ። ከሁሉም ዕቃዬ ርካሹ እሱ ነው፣ የመጨረሻ የምሰጠውም እሱን ነው። ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ ያላችሁበትን እዩ።

ሄልሜታችሁ ከግንባሩ በላይ ጥላ ካለው መከላከያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥላውን ንቀሉትና ሞክሩ። አንገት ላይ ክፍተት ካለ ቀጭን የአንገት ልብስ ይዝጋው።

ብርዱም የረጅም ሰው ዕዳ ነው። ጉልበታችን ከሞተሩ አካል ውጭ ይወጣል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በ80 ስትነዱ ቆዳ የሚሰማው 4 ዲግሪ ያህል ነው። ሱሪ ስትገዙ ቆማችሁ አትለኩ፤ ሞተር ላይ፣ ወይም ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡበት። ቆማችሁ ጉልበት ላይ ያለው የሱሪው መከላከያ ስትቀመጡ ወደ ጭን ይሸሻል፣ ቁርጭምጭሚትም ይገለጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትልቅ መከላከያ፣ ከኋላ ትልቅ ሣጥን፣ መሃል ላይ ረጅም ሰው፤ ሦስቱ ሲገናኙ በከፍተኛ ፍጥነት ሞተሩ ጭራውን ማወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አዲስ ነገር በገጠማችሁ ቁጥር ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። መወዛወዝ ከጀመረ ጋዙን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን አትጨብጡት፣ ፍሬንም በድንገት አትያዙ። ከዚያ ሣጥኑን አውርዳችሁ እንደገና ሞክሩ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም። በየለውጡ ስፖኪዮውን አስተካክሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱም የነካችሁትን ቡሎን ሁሉ እንደገና በቁልፍ ፈትሹ።