በፎርድ ኤፍ-250 ፒካፕ ላይ ትልቅ ጎማ እንዴት እንደሚገጠም

ከባድ ጭነት በሚጎትት ፒካፕ ላይ ፋብሪካው ከገጠመው የሚበልጥ ጎማ ሲታሰር ዓይን የሚይዘው መልኩ ቢሆንም፣ የመኪናውን ጠባይ የሚለውጡት የጎማው ቁመት፣ ክብደትና የመሸከም አቅም ናቸው። ስለዚህ ጎማ ከመግዛት በፊት ስሌቱ ይቅደም። ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ መንገዶች በብዛት የሚታየውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ሞዴል ወዲህ የተሠራውንና ፎር ዊል ድራይቭ የሆነውን ኤፍ-250 እንውሰድ።

በቅድሚያ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የጎማ መጠንና የአየር ግፊት ይመዝግቡ። ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚወጡት ኤልቲ275/70አር18 ጎማ ታስሮላቸው ነው። ኤልቲ ጎማው ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ 275 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የ275ን 70 በመቶ በሁለት አባዝተን የቸርኬውን 457 ሚሊ ሜትር ስንደምርበት 842 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚሁ ስሌት ኤልቲ285/75አር18 የተባለው ጎማ 885 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 35 ኢንች ገደማ ይሆናል። ፎርድ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ትሬመር በተባለው የኤፍ-250 ዓይነት ላይ የሚገጥመው ይህንኑ መጠን ስለሆነ፣ ለዕለት ሥራ በሚውል መኪና ላይ ከዚህ ማለፍ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የዲያሜትሩ ጭማሪ 5 በመቶ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ካልተስተካከለ 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 105 ይሄዳል። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን (ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ የሚዞርበት ብዛት) 3.73 ከሆነም መኪናው 3.55 እንደተገጠመለት ያህል ስለሚሆን፣ ተጎታች ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ድክመቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ጎማ ሲመርጡ በምንም ምክንያት የማይደራደሩበት ነገር የመሸከም አቅሙ ነው። ከመጠኑ ፊት «ኤልቲ» የሚል ምልክት ያለውና የጭነት ደረጃው «ኢ» የሆነ ጎማ ይግዙ። መጠኑ ልክ ስለሆነና ዋጋው ስለረከሰ ብቻ የቤት መኪና ጎማ በዚህ ፒካፕ ላይ ማሰር ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ቸርኬውን በተመለከተ፣ 8 ኢንች ስፋት ያለው የፋብሪካው ቸርኬ ይህን ጎማ ይይዛል። ወደ ውጭ የሚወጣ ሌላ ቸርኬ ከተመረጠ፣ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞርበት ክብ ስለሚሰፋ ከፓራፋንጎውና ከፓራውልቱ ጠርዝ ጋር የመጋጨቱ ዕድል ይጨምራል። ቸርኬው ከተቀየረ የአየር ግፊት ሴንሰሮቹም ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው።

ጎማዎቹ በጎሚስታ ቤት ቸርኬ ላይ ገብተው ባላንስ ከተደረጉ በኋላ መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ በማይነሳው በኩል ያሉትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ታኮ ያድርጉባቸው። ዳዶዎቹን ገና ጎማው መሬት ላይ ሳለ በጥቂቱ ያላሉ፤ ከዚያ ክሪኩን ከአክሰሉ ሥር አስገብተው ያንሱ። ባዶው መኪና ብቻ ሦስት ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚመዝን ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት መደገፊያ ከሥር ይቁም። ጎማው በወለቀበት አጋጣሚ ቴስቲኒዎቹ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት መጋጠሚያዎች) መላላታቸውን መፈተሽ ተገቢ ነው፤ የኤፍ-250 የፊት አክሰል ድፍን በመሆኑ የተላላ ነገር ካለ ከባዱ ጎማ መሪውን በኃይል ያንቀጠቅጠዋል።

አራቱንም ከማሰር በፊት አንድ የፊት ጎማ ገጥመው ይሞክሩ። የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ይቀቡና መኪናውን መሬት ላይ አውርደው መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል ያዙሩ፤ ከዚያም መሪው እንደተጠመዘዘ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዱ። በፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ወይም ከፓራውልቱ ሥር ነጭ ምልክት ከታየ የሚነካው ቦታ እሱ ነው። ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ጠርዙን መቁረጥ ይበቃል፤ ብረት ወይም የፍሬን ቱቦ ከነካ ግን ጎማው ይውረድ።

በእያንዳንዱ እግር ያሉትን ስምንት ዳዶዎች በተቃራኒ እያፈራረቁ በቶርክ ቁልፍ እስከ 165 ፓውንድ-ፊት፣ ማለትም እስከ 224 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የአየር ግፊቱ በበሩ ላይ ከተጻፈው አይነስ፤ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክም አይለፍ። ስኮርታውም በዚሁ መጠን ይቀየር፤ በፎር ዊል ሲነዳ ዲያሜትራቸው የተለያየ ጎማዎች ኃይል አከፋፋዩን ካምቢዮ ያስጨንቁታልና። አዲሱ ስኮርታ ከጭነት ማስቀመጫው ሥር በቦታው መግባቱን አስቀድመው ይለኩ።

ከዚህ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራ፤ የፍጥነት መለኪያውም በኮምፒውተር በአዲሱ የጎማ መጠን ይስተካከል። ከባዱ ጎማ መኪናው እስኪቆም የሚወስደውን ርቀት ስለሚያስረዝም፣ ጭነት ከመጫንዎ በፊት ፍሬኑን ጸጥ ባለ መንገድ ላይ ደጋግመው ይሞክሩ። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፉ እንደገና ያጥብቁ፤ የፓራፋንጎውንም ፕላስቲክ በእጅዎ ዳስሰው አዲስ መፋቅ አለመኖሩን ይመልከቱ።