የድሮ ፒንግ አይ 2 አይረን እጃችሁ ሲገባ፦ እንዴት ታነቡታላችሁ፣ እንዴትስ ወደ ሜዳ ትመልሱታላችሁ

እንደ ፒንግ ኩባንያው አይ 2 አይረን (ራሱ ብረት የሆነ፣ ኳሷን ከሣር ላይ የምንመታበት ዱላ) ታሪኩን ገላው ላይ ተሸክሞ የሚዞር የጎልፍ ዱላ አላውቅም። ከኋላው ያለው ጉድጓድ፣ አንገቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ ትንሿ ባለቀለም ነጥብ፣ ፊቱ ላይ የተሰመሩት ቦዮች፣ ሁሉም በምክንያት እዚያ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ያገለገለ ስብስብ (በቁጥር የተለያዩ ዱላዎች አንድ ላይ) ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ወይም ከዘመድ የደረሳችሁ ካለ፣ መያዣ ለመቀየርም ሆነ ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንብቡት። ለዚህ ጨርቅ፣ ጥሩ ብርሃንና አንዲት ቁራጭ ነጭ ጠመኔ ይበቃችኋል።

ግን የምታነቡት የማንን ጽሑፍ እንደሆነ ካላወቃችሁ ማንበቡ ብዙ ትርጉም የለውም። ዱላውን የፈጠረው ካርስተን ሶልሃይም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1911 ኖርዌይ፣ በርገን ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሲያትል ከተማ ተቀመጠ። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር፤ እሱም በዚያው ሙያ ሠርቷል። ኋላ ላይ መሐንዲስ ሆኖ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገባ። ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ ነው፣ ያውም የሥራ ባልደረቦቹ ጎትተው አስገብተውት። ኳሷን ወደ ጉድጓዷ የምታስገባዋ ዱላ፣ ፓተር የምንላት፣ በጣም አስቸገረችው። ሌላው ሰው እንዲህ ሲገጥመው "እጄ ነው እምቢ ያለኝ" ይላል። እሱ ግን መሣሪያውን መመርመር ጀመረ።

የታየው ነገር ቀላል ነው። ክብደቱ መሃል ላይ የተከማቸ ዱላ ኳሷን ከመሃሉ ትንሽ ወጣ አድርጎ ሲመታ ይጠመዘዛል። ክብደቱ ወደ ሁለቱ ጫፎች ቢሄድስ? ሐሳቡን ለማሳየት የስኳር ኩቦችን ከአይስክሬም እንጨት ጋር አጣብቆ ሞዴል ሠራ ይባላል። እናንተም ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ እንጨት ውሰዱና ሁለት ውሃ የሞላባቸው ጠርሙሶች መሃሉ ላይ አስጠግታችሁ እሰሩ። መሃሉን ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ ቶሎ ይታዘዛል። ከዚያ ጠርሙሶቹን ወደ ጫፎቹ አርቃችሁ ድገሙት። አሁን እምቢ ይላል። ክብደቱ ያው ነው፣ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። የፒንግ ታሪክ በሙሉ የቆመው በዚህች እምቢታ ላይ ነው።

በ1959 ካሊፎርኒያ፣ ሬድውድ ሲቲ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያዋን ፓተር ሠራ። ኳስ ስትመታ "ፒንግ" የሚል ድምፅ አወጣች፤ የኩባንያው ስም ከዚያ መጣ። በ1966 ደግሞ አንሰር የምትባለውን ፓተር አወጣ። "መልስ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዱላዋ ላይ አልበቃ ሲል፣ አንዷን ፊደል አውጣት ያለችው ሚስቱ ሉዊዝ ናት። በ1967 ጄኔራል ኤሌክትሪክን ለቆ አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ ሙሉ ጊዜውን ለዱላ ሰጠ።

አይረኖቹም ያንኑ ሐሳብ ተከተሉ። በዚያ ዘመን ጥሩ አይረን ማለት ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጀርባው ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ብረት ነበር። ሶልሃይም ሌላ መንገድ ያዘ። የዱላው ራስ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ ሰሙ በሴራሚክ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። በዚህ ዘዴ ጀርባውን ቦርቡሮ ክብደቱን ወደ ዙሪያው ማስኬድ ይቻላል፣ እያንዳንዱም ራስ ከቀጣዩ ጋር እኩል ይወጣል። አይ 2 የወጣው በ1982 ነው። ሲወጣ መልኩን ብዙ ሰው አልወደደውም፤ ከዚያ ግን በታሪክ እጅግ ከተሸጡ አይረኖች አንዱ ሆነ።

አሁን ዱላውን አንሱ።

ከአንገቱ ጀምሩ። ዘንጉ ወደ ራሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉ። ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ሞልቷቸው አይታዩም። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት፣ አድርቁት፣ ጠመኔውን በላዩ ላይ አሽታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ጠመኔው ቁጥሮቹ ውስጥ ይቀራል፣ ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ። አብሮ የተሠራ ስብስብ በሁሉም ዱላ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አለው። የተለየ ካገኛችሁ፣ ያ ዱላ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እኔ አንዴ ሻጩ "ሙሉ ኦሪጅናል" ያለኝን ስብስብ ቁጥሩን ሳላይ ገዝቼ፣ ቤት ስደርስ 7 ቁጥሩ የሌላ ሰው ዱላ ሆኖ ተገኘ። ዘንጉም አጠር ይል ነበር። ለዚህ ነው ቁጥሩን አስቀድሜ የምነግራችሁ፤ ሻጩ ፎቶ ብቻ ከላከላችሁ የእያንዳንዱን አንገት በቅርበት ያነሳው ፎቶ ጠይቁ።

ቀጥሎ ነጥቧ። ጀርባው ላይ ያለችው ባለቀለም ነጥብ ለውበት የተቀመጠች አይደለችም። ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ትነግራችኋለች። ጥቁር መደበኛው ነው። ቀይ ከመደበኛው ተኛ ያለ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ነጭ ደግሞ በቅደም ተከተል እየቆሙ ይሄዳሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ረጅም ሰውና አጭር ሰው፣ እጁ ረጅምና እጁ አጭር የሆነ፣ አንድ ዓይነት ዱላ ሊይዙ አይገባም። ዛሬ ዱላን በልክ ማሠራት የተለመደ ነው። ያኔ ግን ሰው ከመደርደሪያ ያገኘውን አንስቶ ነበር የሚሄደው። ለእኔ ከጉድጓዱም ከቦዩም በላይ የሶልሃይም ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ነጥቧ ለእናንተ ትስማማ እንደሆነ በዓይን አትፍረዱ፣ ሞክሩ። ኳስ ላይ በሚጠፋ ማርከር ወፍራም ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ወደ ዱላው ፊት እንዲያይና ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ አስቀምጡና እንደወትሮው ምቱ። መስመሩ ፊቱ ላይ ይታተማል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ዱላው ልካችሁ ነው። የመስመሩ አናት ወደ ዱላው ጫፍ ካዘነበለ ዱላው ለእናንተ በጣም ቆሟል፣ ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆናችሁም ኳሷ ወደ ግራ ትሸሻለች። ወደ ዘንጉ ወገን ካዘነበለ ደግሞ በጣም ተኝቷል፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አንዴ መትታችሁ አትወስኑ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት። ማስተካከል ካስፈለገ ባለሙያ ጋር ውሰዱት። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ማጎንበስ የሚቻለውም በጥቂቱ ነው፣ ቤት ውስጥ በመዶሻ የሞከረ አንገቱን ሰብሮ ይቀራል።

ቀለሙንም እዩ። አብዛኛው አይ 2 ግራጫ የማይዝግ ብረት ነው። ወደ መዳብ ወይም ወርቃማ ቡናማ የሚያደላ ካጋጠማችሁ ቤሪሊየም ኮፐር ነው። ቆንጆ ብረት ነው፣ ብዙ ሰው ይፈልገዋል፣ መያዙና መጫወቱም ችግር የለውም። ግን በምንም ዓይነት አትሞርዱት፣ በአሸዋ ወረቀት አትሹት፣ በማሽንም አታብሩት። የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከባድ በሽታ ያመጣል። መልኩ የጠቆረ ከሆነ ጠቁሮ ይቅር።

አሁን ፊቱ ላይ ወዳሉት ቦዮች እንምጣ፣ ምክንያቱም ይህ ዱላ ፍርድ ቤት የሄደው በእነሱ ነው። በ1984 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር አራት ማዕዘን ቦይ ፈቀደ። ሶልሃይም አይ 2ን በዚያ ቦይ ሠራ፣ ነገር ግን ጠርዙ ስለታም ሆኖ የኳስ ልባስ መቅደድ ጀመረ። ስለዚህ ጠርዙን ትንሽ አለሰለሰው። ቀላል ማስተካከያ ይመስላል፤ ችግሩ ግን መለኪያው ላይ መጣ። ማኅበሩ የቦዩን ስፋት ከለሰለሰው ጠርዝ ጀምሮ ሲለካ ቦዩ ሰፋ፣ በቦዮቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከሕጉ አነሰ። የልዩነቱ መጠን በዓይን የሚታይ አልነበረም። ሶልሃይም ግን በመሐንዲስነቱ የተሰደበ ያህል ተሰማው፤ በ1989 ማኅበሩን ከሰሰ። በ1990 መጀመሪያ ላይ ከማኅበሩ ጋር ታረቁ፦ ከሚያዝያ 1 ቀን 1990 በፊት የተሠሩት ዱላዎች ሕጋዊ ሆነው እንዲቀጥሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እንዲስተካከሉ። የባለሙያዎችን ውድድር ከሚያዘጋጀው ከፒጂኤ ቱር ጋር የነበረው ክርክር እስከ 1993 ዘለቀ።

ይህች ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። በ2010 የቦይ ሕግ ሲጠብቅ፣ ፊል ሚክልሰንና ሌሎች ጥቂት ተጫዋቾች በዚያ ስምምነት የተጠበቁትን የድሮ አይ 2 ዌጆች (ኳሷን ከፍ አድርገው በአጭር ርቀት የሚያሳርፉ አይረኖች) ይዘው ሜዳ ገቡ። ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ፣ ብዙም ሳይቆይ ቱሩ ለራሱ ውድድሮች ከለከላቸው። ለእናንተ ትርጉሙ ይኸው ነው፦ ለመዝናናት ከሆነ ተጫወቱበት፤ ውድድር የምትገቡ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁን ጠይቁ። ከስሙ ጎን የመደመር ምልክት ካያችሁ ቦዩ ከተስተካከለ በኋላ የመጣው ሞዴል ነው።

ቦዮቹን ስታጸዱ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ። ቦይ መሞረጃ ተብሎ የሚሸጠውን መሣሪያም ተዉት። ጠርዙን ሲሞርድ ለሕጉ የማይመች ዱላ ሊያደርግባችሁ ይችላል፣ ሶልሃይም ያለሰለሰውንም ያጠፋዋል።

የሚቀረው መያዣው ነው። የድሮ ጎማ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት ሁሉንም ቀይሩት። አሮጌውን በጥምዝ ምላጭ ከራሳችሁ ወደ ውጭ እየቆረጣችሁ ላጡት፣ የቀረውን ፕላስተር አጽዱ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ ማሟሟያውን አዲሱ መያዣ ውስጥም ፕላስተሩ ላይም አፍስሱና በአንድ ትንፋሽ ግፉት። ግማሽ መንገድ ላይ ካቆማችሁ ይጣበቃል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ። ከዚያ በቀጥታ እንዲቀመጥ አስተካክላችሁ ሌሊቱን አሳድሩት።

ሜዳ ስትወጡ አንድ ነገር ያስደነግጣችሁ ይሆናል፦ 7 ቁጥሩ ከዘመኑ 7 ቁጥር አጠር ብሎ ይሄዳል። ዱላው አልደከመም። የዛሬ አምራቾች ፊቱ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን መጠን ስለቀነሱት ያው ቁጥር ኳሷን ዝቅ አድርጎ ያርቃታል። ቁጥሩን እርሱት። ከእያንዳንዱ ዱላ አሥር ኳስ ምቱ፣ በጣም ሩቁንና በጣም ቅርቡን ጣሉ፣ የቀሩትን አማካይ ጻፉና ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ወረቀቱን ስትጨርሱ አንድ ኳስ ጨምሩና ሆን ብላችሁ ከመሃሉ ወደ ጫፉ አስወጥታችሁ ምቱ። እጃችሁ ላይ ያለው ንዝረት ትንሽ ነው፣ ኳሷም ብዙ ሳትሸሽ ትሄዳለች። ጠርሙሶቹን አስታውሱ።