ሰሊጥ በጅማ ዞን ቆላ፦ ከመሬት መረጣ እስከ ማራገፍ

ሰሊጥ ድርቅ ይችላል፤ የተኛ ውሃ ግን አይችልም። ዝናብ በሚበዛበት አገር ሰሊጥን የሚጎዳው ከጥማት ይልቅ ጥጋብ ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት መሬቱን ይምረጡ። በጅማ ከተማ ዙሪያ ከፍታው ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ ኑግ ይሻላል። ለሰሊጥ የሚሆነው ከ1,500 ሜትር በታች ያለው፣ ለምሳሌ ከሰኮሩ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደው ቆላ ነው። ጥቁሩን፣ ውሃ የሚይዘውን የኮትቻ አፈር ይተዉትና ውሃ የሚያሳልፍ፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው ማሳ ይያዙ። ሜዳ ከሆነ ማንጣፈፊያ ቦይ ያውጡለት፤ ውሃ ሁለት ቀን ከተኛበት ሥሩ አየር አጥቶ ተክሉ ይጠወልጋል።

ዘሩ ደቃቅ ነውና ጓል እስኪደቅ ሁለት ሦስቴ ይረሱ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ከተዘራ፣ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ለሩብ ሄክታር ከ1 እስከ 1.25 ኪሎ ዘር ይበቃል። በአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ቀላቅለው፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተሰመረ መስመር ላይ እየበተኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ያልብሱት። ጠልቆ የተቀበረ ዘር አይበቅልም።

በሦስተኛው ሳምንት በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር እየተዉ ያሳሱ። ብዙ ሰው ለመንቀል እጁ ይሳሳል፤ የተጨናነቀ ሰሊጥ ግን ቀጥኖ ይረዝማል እንጂ ቅርንጫፍ አያወጣም። በዚያው ጊዜ ይረሙ፤ ሁለተኛውን አረም ከማበቡ በፊት ይጨርሱ።

በቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል፣ ኋላ የሚጠቁር ነጠብጣብ ካዩ የባክቴሪያ በሽታ ነው። መድኃኒት ከማሳደድ ይልቅ በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን በቆሎ ወይም ማሽላ ይዝሩበት፤ ዘርም ከታመመ ማሳ አይያዙ። አበባው ወደ አረንጓዴ ቅጠል የተለወጠው ተክል ሌላ በሽታ ይዞታል፤ ወዲያው ይንቀሉት፤ ፍሬ አይሰጥም፣ በሽታውንም በነፍሳት በኩል ለሌላው ያዛምታል።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው በአጨዳ ነው። ፍሬውን የያዘው ቆባ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሁሉም እስኪደርቅ አይጠብቁ፤ የታችኛው ቅጠል ረግፎ ከቆባዎቹ ሁለት ሦስተኛው ቢጫ ሲሆን በጠዋት ቅዝቃዜ ይጨዱ። ነዶውን አስረው፣ ራሱን ወደ ላይ አድርገው፣ እርስ በርስ አደጋግፈው ያቁሙት፤ ይህ ሂላ ይባላል። ካጋደሉት ፍሬው ይፈሳል። ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ነዶውን ሸራ ላይ ዘቅዝቀው በቀስታ እየመቱ ያራግፉ። አውድማ መሬት ላይ አይውቁት፤ አሸዋና ጠጠር የገባበት ሰሊጥ ዋጋው ይወድቃል። በደንብ አድርቀው በጆንያ፣ ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያኑሩት።